በወሊድ ጊዜ የክንድ ነርቭ ጉዳት የደረሰባት ልጄ፣ ትከሻዋና ቀዶ ሕክምናዋ

ይህንን የምጽፈው ልጃቸው በወሊድ ጊዜ አንድ እጁ ለተጎዳባቸው፣ ከወራት በኋላ ደግሞ ክርኑን ማጠፍ ሲጀምር «ተመስገን፣ ዳነ» ብለው ክትትሉን ላቋረጡ ወይም ለማቋረጥ ለሚያስቡ ወላጆች ነው። እኔም እንደዚያ አድርጌ ነበር። የልጄ ነርቭ በአብዛኛው አገግሞ ሳለ ትከሻዋ ግን ቀስ በቀስ ከቦታው እየሸሸ እንደነበር ያወቅሁት ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሲሞላት ነው። ሐኪም አይደለሁም። የምጽፈው በልጄ ላይ ያየሁትንና ያከሟት ባለሙያዎች በትዕግሥት ያስረዱኝን ስለሆነ፣ የእናንተን ልጅ ጉዳይ ልጁን በእጁ ዳስሶ የሚመረምር ሐኪም እንዲወስነው አደራ እላለሁ።

ልጄ የተወለደችው በጥር ወር 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት፤ ስትወለድ 4.3 ኪሎ ትመዝን ነበር። በእርግዝናዬ የመጨረሻ ወራት ስኳሬ ከፍ ማለቱ ተነግሮኝ ነበር፤ የእርግዝና ስኳር የጽንሱን ክብደት እንደሚጨምር፣ ትልቅ ልጅ ደግሞ ጭንቅላቱ ከወጣ በኋላ ትከሻው ከእናቱ የዳሌ አጥንት ኋላ ሊያዝ እንደሚችል ግን ያወቅሁት ከወለድኩ በኋላ ነው። የልጄም ጭንቅላቷ ወጥቶ ትከሻዋ ቀረ። አዋላጆቹ ጉልበቶቼን ወደ ሆዴ አጥፈው ያዙ፤ አንዷ ከእምብርቴ በታች በሁለት እጇ ተጫነች፤ ሌላዋ ልጄን ይዛ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሁኔታ ሲያጋጥም ሕፃኑ ሳይታፈን ለማውጣት ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አስቀድሞ የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ልጄን በሕይወት ያወጡልኝን እጆች አልወቅስም። የምቆጭበት ነገር ሌላ ነው፤ ከጤና ተቋሙ ስወጣ በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ስለ ትከሻዋ መያዝ አንድ ቃል እንኳ አልሰፈረም ነበር። ከዚያ በኋላ በሄድንበት ሁሉ «ወሊዱ እንዴት ነበር? የትኛው ትከሻ ቀድሞ ወጣ? የአንገት አጥንቷ ተሰብሮ ነበር?» ተብዬ ስጠየቅ ከትዝታዬ በቀር የማቀርበው ነገር አልነበረኝም። የተደረገው ሁሉ እንዲጻፍላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ።

ቀኝ እጇ ከትከሻዋ ጀምሮ ዝሎ ከጎኗ ተጣብቆ ነበር። ክርኗ ተዘርግቷል፤ መዳፏ ወደ ኋላ ዞሯል፤ እጇ ከአንጓዋ ላይ ታጥፏል። ጣቶቿ ግን ይንቀሳቀሱ ነበር፤ ጣቴን ስሰጣት ጠበቅ አድርጋ ትይዘኝ ነበር። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ትርጉም እንዳለው በኋላ ተነገረኝ። ክንድን የሚያንቀሳቅሱት ነርቮች ከአንገት አከርካሪ በአምስት ሥሮች ይወጡና ከአንገት አጥንት በታች እንደ መረብ ተጠላልፈው ወደ እጅ ይወርዳሉ፤ ሐኪሞች ይህን መረብ ብራኪያል ፕሌክሰስ ይሉታል። የላይኞቹ ሁለት ሥሮች ትከሻን የማንሣት፣ ክንድን ወደ ውጭ የማዞርና ክርንን የማጠፍ ሥራ አላቸው፤ ታችኞቹ ደግሞ ጣቶችን ያንቀሳቅሳሉ። የልጄ ጉዳት በላይኞቹ ላይ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ኤርብ በ1874 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው የኤርብ ሽባነት ወይም ኤርብስ ፓልሲ ይባላል። ከአንድ ሺህ ሕፃናት በአንዱ ወይም በሁለቱ ላይ ያህል የሚደርስ ጉዳት ነው፤ ያኔ ግን በዓለም ላይ እኔን ብቻ የገጠመኝ ይመስለኝ ነበር። የልጃችሁ ጣቶችም ጭምር የማይንቀሳቀሱ ከሆነ፣ በዚያው ወገን ያለው የዓይኑ ሽፋን የወረደና የዓይኑ ብሌን ከሌላኛው ያነሰ ከሆነ ጉዳቱ ከበድ ያለ ሊሆን ስለሚችል፣ ወራት ሳትጠብቁ የነርቭ ቀዶ ሕክምና የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ወደ ቤት ስንገባ የባለቤቴ እናት እጇን አይተው «ልጄ፣ ይኼ ውልቃት ነው፤ ወጌሻ ይያት» አሉኝ። እማማ ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ሁሉ አሽተው ያሳደጉ ሴት ናቸው፤ ለልጄም የሚመኙት ደኅንነቷን ብቻ ነበር። ወጌሻው መጥቶ በቅቤ እያሸ እጇን ሁለት ጊዜ ሳብ ሲያደርገው ልጄ ድምፅዋ እስኪዘጋ አለቀሰች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ፊዚዮቴራፒ ስንሄድ ይህንን ተናገርኩ፤ ባለሙያዋም ሳትቆጣኝ «እናቷ፣ የወለቀ አጥንት ቢሆን ኖሮ እሺ፤ ይህ ግን ተወጥሮ የተጎዳ ነርቭ ነው፤ መልሰን ከጎተትነው የተረፈውንም እንጎዳዋለን» አለችኝ። በሚቀጥለው ቀጠሮ እማማን ይዣቸው ሄድኩ። ባለሙያዋ እጃቸውን በልጄ ክንድ ላይ አስይዛ እንቅስቃሴዎቹን አንድ በአንድ አሳየቻቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ያለማቋረጥ የሚያሠሯት እማማ ሆኑ። በቤታችሁ አዋቂ ሰው ካለ በክርክር ከመግጠም ይልቅ ባለሙያው ዘንድ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል እላለሁ።

ከተማርናቸው እንቅስቃሴዎች ውስጥ አንዱ ክርኗን በዘጠና ዲግሪ አጥፎ፣ ከጎኗ አስጠግቶና የትከሻዋን ጠፍጣፋ አጥንት በሌላ እጅ ደግፎ፣ ክንዷን በቀስታ ወደ ውጭ ማዞር ነበር። በር እንደ መክፈት ማለት ነው። ልጄ ይህንን አትወደውም ነበር፤ ታለቅሳለች። እጇን ወደ ላይ ስናነሣ ግን ትስቃለች። ስለዚህ የምትስቅበትን አብዝተን፣ የምታለቅስበትን እየቀነስን ሄድን፤ በመጨረሻም ተውነው። ሳዝላትም ቀኝ እጇን ወደ ውስጥ አጥፌ ከደረቷና ከጀርባዬ መካከል ሸጉጬ በአንቀልባ አጠብቀው ነበር፤ ትከሻዋ ሊያጋድል ወደሚፈልግበት ወደዚያው አቅጣጫ ለሰዓታት አስሬ ይዤዋለሁ ማለት ነው። ይህን ሁሉ ያደረግነው ግን እየወደድናት ነው።

ሦስተኛው ወር ሐኪሞች በጉጉት የሚጠብቁት ጊዜ ነው። ነርቭ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ ከአንገት ተነሥቶ ጡንቻ ዘንድ ለመድረስ ወራት ይፈጅበታል፤ ክርንን የሚያጥፈው ጡንቻ ከሦስት ወር በኋላ ፈጽሞ ካልነቃ ነርቩ ተበጥሶ ወይም ከሥሩ ተነቅሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ከባት የሚወሰድ ነርቭ በመቀጠል ወይም የሌላ ጡንቻ ነርቭ በማዞር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ይህ ሕክምና በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ መደረግ አለበት፤ ጡንቻ ያለ ነርቭ ለረጅም ጊዜ ከቆየ መልሶ አይነቃምና። ልጄ በሦስት ወር ከሳምንት ክርኗን ትንሽ ስታነሣ አየሁ። በአራት ወር ተኩል እጇን ወደ አፏ አደረሰች። የነርቭ ቀዶ ሕክምና እንደማያስፈልጋት ተነገረን፤ ውሳኔውም ትክክል ነበር። ስህተቱ ከዚያ በኋላ የተከተለው ነው። አሥር ወር ሲሞላት የወሊድ ፈቃዴና የዓመት ፈቃዴ ሁሉ አልቆ ሥራ ከተመለስኩ ስድስት ወር አልፎኝ ነበር፤ ለእያንዳንዱ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ማስፈቀድ ነበረብኝ። አንድ ቀን ተረኛ የነበረ ባለሙያ አይቷት «በጣም ጥሩ ናት፤ አሁን በጨዋታ ራሷ ታጠነክረዋለች» አለኝ። የምፈልገው ቃል ስለነበር ደግሜ አልጠየቅሁም።

ሙሉ በሙሉ የሚያገግሙ ልጆች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት አንድ ዓይነት ጉድለት ይቀርባቸዋል፤ ከሚቀረው ውስጥ ደግሞ ዋናው የትከሻ ችግር ነው። ምክንያቱን የቀዶ ሐኪሙ በኋላ ያስረዳኝ እንዲህ ነበር። ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞሩት ጡንቻዎች፣ ማለትም የደረቱ ትልቅ ጡንቻ፣ ከጀርባ ተነሥቶ በብብት በኩል የሚያልፈው ሰፊ ጡንቻና ከትከሻው ጠፍጣፋ አጥንት ፊት ያለው ጡንቻ፣ ከብዙ የነርቭ ሥሮች ኃይል ስለሚያገኙ ቶሎ ያገግማሉ ወይም ከመጀመሪያውም ብዙ አይጎዱም። ወደ ውጭ የሚያዞሩት ግን በእነዚያ በተጎዱት ሁለት ሥሮች ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ወገን ገመዱ የጠበቀ፣ በሌላው ወገን የላላ ድንኳን ይመስል ክንዱ ቀንና ሌሊት ወደ ውስጥ ይጎተታል። የትከሻ መገጣጠሚያ ደግሞ እንደ ዳሌ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፤ እንደ ኳስ ክብ የሆነው የክንድ አጥንት ራስ የተቀመጠው የስኒ ማስቀመጫ በሚመስል ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ነው። የሕፃን ሳህን ገና ያልጠነከረ ስለሆነ፣ ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ከተገፋ ሳህኑም አብሮ እየተዳፋ ያድጋል። አንዳንዴ ይህ በሦስትና በአራት ወር ዕድሜ ጭምር እንደሚጀምርና በአልትራሳውንድ ሊታይ እንደሚችል ስሰማ፣ በዚያ ዕድሜዋ ክርኗ በመታጠፉ ስንደሰት የነበርንበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

ሁለት ዓመት ሲሆናት ያስተዋልኳቸው ነገሮች ነበሩ። በቀኝ እጇ ጉርሻ ወደ አፏ ስታደርስ ክርኗ ከትከሻዋ በላይ ይነሣ ነበር፤ መለከት የሚነፋ ሰው እንደሚያደርገው። ይህን ሐኪሞችም በዚሁ በመለከት ስም እንደሚጠሩት በኋላ ሰማሁ። ስለሚከብዳት በግራዋ መብላት ጀመረች፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር «በቀኝሽ ብዪ እንጂ የኔ እናት» ትባላለች፤ እኔም እደግምባታለሁ። የማትችለውን ነገር ነበር የምንጠይቃት። እጇን ወደ ራሷ ስትወስድ የትከሻዋ ጠፍጣፋ አጥንት ከጀርባዋ ላይ ብድግ ብሎ ይታያል፤ ገላዋን ሳጥባት ይህንን አይቼ ቀጭን ስለሆነች መስሎኝ አልፌዋለሁ።

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ለጉንፋን የወሰድኳት የሕፃናት ሐኪም እጇን አይታ ወደ ሕፃናት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ላከችን። እርሱ መጀመሪያ ያደረገው ነገር እኛ የተውነውን እንቅስቃሴ ነበር፤ ክርኗን ከጎኗ አስጠግቶ፣ ጠፍጣፋውን አጥንት በመዳፉ ይዞ፣ ክንዷን ወደ ውጭ ለማዞር ሞከረ። ግራው ከ70 ዲግሪ በላይ ሲዞር ቀኙ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት እንኳ አልደረሰም፤ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ እንደቀረ ቆመ። እጇ ወደ ላይ ሲነሣ ግን ጥሩ ይመስል ነበር፤ ጠፍጣፋው አጥንት አብሮ ስለሚሄድላት ነው። እኔ ለሁለት ዓመታት ስመለከት የኖርኩት እጇ ምን ያህል እንደሚነሣ ነበር። መታየት የነበረበት ምን ያህል እንደሚዞር ነው። ይህንን በቤት ውስጥ ለማየት ለምትሞክሩ፣ ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ሁለቱንም ክርኖች አጥፋችሁ ከጎድኑ ሳይለዩ፣ ሁለቱን ክንዶች በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ በቀስታ ክፈቱ፤ አንደኛው ከሌላው ቀድሞ ከቆመ ወይም ከሳምንት ሳምንት እየቀነሰ ከሄደ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስገድዳችሁ ግን አትግፉ።

በማደንዘዣ ተኝታ የኤም አር አይ ምርመራ ተደረገላት። የክንዷ አጥንት ራስ ወደ ኋላ ተንሸራትቷል፤ ሳህኑም ወደ ኋላ አጋድሏል፤ ሆኖም መገጣጠሚያው ቅርጹን ፈጽሞ አላጣም ነበር። ሐኪሙ በወረቀት ላይ እየሣለ «ዕድሜዋ ገና ስለሆነ ኳሱን ወደ መሐል ከመለስነው ሳህኑ ራሱን እያስተካከለ የማደግ ዕድል አለው፤ በቆየን ቁጥር ግን ይህ ዕድል ይጠብባል» አለን። ለስድስት ወራት በብርቱ ፊዚዮቴራፒ ሠራን፤ ለውጡ ጥቂት ነበር። ወረፋችንም እስከዚያው ደረሰ።

እዚህ ላይ ሌሎች ወላጆች የሚሰሙት የሕክምና ስም ስለሚበዛባቸው የተረዳሁትን ልናገር። ገና መጥበብ የጀመረ ትከሻ ላላቸው ሕፃናት ቦቱሊነም የተባለውን መድኃኒት በጠበቁት ጡንቻዎች ውስጥ በመውጋት ለጥቂት ወራት አላልቶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ትከሻውን ወደ ውጭ አዙሮ በጀሶ የማቆየት መንገድ አለ። ሁለተኛው የጠበቀውን ጡንቻና የመገጣጠሚያውን ሽፋን ፊት ለፊት መልቀቅ ነው፤ ይህ በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ የሚሠራበት አገርም አለ። ሦስተኛው ወደ ውስጥ የሚጎትቱትን የሁለት ጡንቻዎች ጅማት ከተያያዙበት ነቅሎ ወደ ትከሻው ኋላ በማዞር መስፋት ነው፤ ያኔ እነዚያው ጡንቻዎች ወደ ውጭ የሚያዞሩ ይሆናሉ። ሐኪማችን ይህ አሳብ አዲስ እንዳልሆነ፣ ሌፒስኮፖ የተባለ ሐኪም በ1934 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ ሆፈርና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1978 እ.ኤ.አ. አሻሽለው እንዳቀረቡት ነገረን። ለልጄ የተመረጠው ሁለተኛውና ሦስተኛው በአንድነት ነበር። አራተኛውን ያየሁት በዚያው ክፍል ከእኛ አጠገብ በተኛ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ ነው። የእርሱ መገጣጠሚያ ቅርጹን ስለለወጠ ኳሱን መመለስ አልተቻለም፤ በምትኩ የክንዱ አጥንት ከመሐል ተቆርጦ ወደ ውጭ ከዞረ በኋላ በብረት ተያያዘ። እናቱ ከገጠር ስለመጣች ስለ ጉዳዩ የሰማችው ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነበር። መገጣጠሚያው ባይታደስም ልጁ እጁን ወደ አፉና ወደ ፊቱ ማድረስ ቻለ፤ እናቱም በዚህ እጅግ ደስተኛ ነበረች። ልጃችሁ አድጓል ማለት ምንም አይደረግለትም ማለት እንዳልሆነ ከእርሷ ተማርኩ።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሐኪሙ የተናገረው አንድ ነገር በጣም ጠቅሞናል። «ወደ ውጭ የምንሰጣትን ያህል ከውስጥ እንወስድባታለን» አለ። ወደ ውስጥ የሚያዞር ጡንቻ ሲቀንስ እጅን ወደ ሆድና ወደ ጀርባ መውሰድ ይከብዳል። ያለ ልክ ከተለቀቀ ልጅ እምብርቱን መንካት፣ ቁልፉን መቆለፍ፣ በመጸዳጃ ቤት ራሱን ማጽዳት ያቅተዋል። ስለዚህ «ስንት ዲግሪ ታገኛለች?» ከሚለው ይልቅ «ምን ታጣለች? እርሱን እንዴት ትጠብቁላታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሐኪማችን የደረቷን ትልቅ ጡንቻ ሳይነካ የተወው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ አስረዳን።

ቀዶ ሕክምናው የተደረገው በሰኔ መጀመሪያ 2013 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ዓመት ከአምስት ወሯ ነበር። ከዋዜማው ሌሊት ጀምሮ ምግብ ተከለከለች፤ ውኃም ከተነገረን ሰዓት በኋላ አልሰጠናትም። ሆዷ ባዶ ካልሆነ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ስለሚችል እያለቀሰችም ቢሆን መጽናት ግድ ነው። እስክትተኛ ድረስ እጇን እንድይዝ ፈቀዱልኝ። ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ስትወጣ ከወገቧ እስከ ቀኝ መዳፏ በጀሶ ተጠቅልላ፣ ክንዷ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ውጭ ዞሮ፣ ልክ ችሎት ፊት ቀርቦ እንደሚምል ሰው ሆና ነበር። ጠባሳው በብብቷ እጥፋት ውስጥ ስለሆነ ዛሬ እጇን ካላነሣች አይታይም።

በጀሶ ያሳለፈቻቸውን ስድስት ሳምንታት ዘርዘር አድርጌ የምጽፈው ማንም ስላላዘጋጀን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ጣቶቿን በየሰዓቱ እናይ ነበር፤ ቢቀዘቅዙ፣ ቢያብጡ፣ ቢገረጡ ወይም ማንቀሳቀስ ቢያቅታት ወዲያውኑ እንድንመለስ ታዘን ነበርና። የታዘዘላትን ማስታገሻ ሕመሙ ሳይበረታ በሰዓቱ መስጠት ከለቅሶ በኋላ ከመስጠት እጅግ ይሻላል። ልብስ አንዱ ራስ ምታት ነው፤ የአባቷን አሮጌ ሸሚዞች ቀኝ እጅጌያቸውን ቀድጄ፣ ጎኑን በክር የሚታሰር አድርጌ ሰፋሁላት። በጀርባዋ በትራስ ተደግፋ ግማሽ ቁጭ እንዳለች ትተኛ ነበር፤ የተነሣው ክንዷ እንዳይንጠለጠል ከሥሩ ሌላ ትራስ እናደርጋለን። በሚኒባስ ታክሲ መሄድ ስለማይቻል ለቀጠሮ ኮንትራት ታክሲ እንይዝ ነበር፤ ይህን ወጪ አስቀድማችሁ አስቡበት። ክረምት በመሆኑ ዋናው ጠላታችን ዝናብ ነበር። ጀሶ ከረጠበ ይላላል፤ ከሥሩ ያለው ጥጥም ቆዳዋን ያቆስላል፤ ስለዚህ ገላዋን በእርጥብ ፎጣ ብቻ እናብስ ነበር። ሲያሳክካት ዘንግ ወይም እርሳስ ወደ ውስጥ እንድታስገባ በፍጹም አልፈቀድንላትም፤ ከላይ መታ መታ እናደርግላታለን። ሆዷ ላይ ያለው ጀሶ ስለሚይዛት ጥቂት ጥቂት እያደረግን ደጋግመን መመገብ ነበረብን። መንገድ ላይ «ምን ሆና ነው?» የሚሉ ሰዎች አይጠፉም፤ እማማ «ትከሻዋ እየተሠራ ነው» ብለው በአጭሩ ይመልሱላቸው ነበር፤ ልጄም ያንኑ ቃል ይዛ ለሁሉም ትመልሳለች።

ጀሶው ሲፈታ ከደስታ ይልቅ ድንጋጤ ጠበቀን። የመጋዙ ድምፅ አስፈራት፤ ክንዷ ቀጥኖ፣ ቆዳዋ ተላልጦ ነበር፤ እጇንም ወደ ታች ማውረድ አቅቷት እንደተነሣ ቀረ። አልሰመረም ብዬ አለቀስኩ። ፊዚዮቴራፒስቱ ይህ የሚጠበቅ እንደሆነ፣ ክንዱ በራሱ ክብደት በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ እንደሚወርድ፣ እኛም ገፍተን እንዳናወርደው ነገረን፤ ያለውም ሆነ። ለተጨማሪ ሦስት ወር ሌሊት ሌሊት ክንዷን ወደ ውጭ አዙሮ የሚይዝ ከፕላስቲክ የተሠራ መደገፊያ አሰርንላት። ቀን ቀን ደግሞ የዞረውን ጡንቻ አዲሱን ሥራውን ማስተማር ነበረብን። ለዓመታት ወደ ውስጥ ሲጎትት የኖረ ጡንቻ አሁን ወደ ውጭ እንዲያዞር ሲታዘዝ መጀመሪያ አይገባውም። ልጅን «ወደ ውጭ አዙሪ» ብሎ ማዘዝም ዋጋ የለውም፤ በጨዋታ ነው የሚሆነው። ክርኗ ከጎኗ እንዳይለይ በብብቷ ሥር ትንሽ ፎጣ ጠቅልለን እናስይዛትና ከቀኟ በኩል በተቀመጠ ሳህን ላይ ሽምብራ አንድ በአንድ እንድታስቀምጥ እናደርጋለን፤ የመስኮት ጉም ታብሳለች፤ ኳስ ከጆሮዋ በላይ አድርጋ ትወረውራለች። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ምሽት ማንም ሳያዝዛት በቀኝ እጇ በሩን ወደ ውጭ ገፍታ ከፈተች።

ሐኪሞች ትከሻን የሚመዝኑበት ማሌ የሚባል መለኪያ አለ፤ እጅን ወደ ጎን ማንሣት፣ ወደ ውጭ ማዞር፣ ማጅራት መንካት፣ ጀርባ መንካትና እጅን ወደ አፍ ማድረስ እያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ አምስት ይሰጣቸዋል፤ ድምሩ ከ25 ነው። ልጄ ከቀዶ ሕክምናው በፊት 13 ነበረች፤ ከዓመት በኋላ 18 ሆነች። ቁጥሩ ውስጥ ግን የቀነሰም አለ፤ ጀርባ መንካቷ ከሦስት ወደ ሁለት ወርዷል።

ይህንን ለውጥ ለእኔ በግልጽ ያሳየኝ ማማተቧ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ግንባሯን የምትነካው ክርኗን ሰማይ ሰቅላ፣ አንገቷን ወደ እጇ ጎንበስ አድርጋ ነበር፤ ሆዷን ግን በቀላሉ ትነካለች። ጀሶው ከተፈታ በኋላ ተገለበጠ፤ ግንባሯ ላይ ያለ ችግር ስትደርስ ወደ ሆዷ ስትወርድ ግን መዳፏ በአየር ላይ ይቀራል። ለሰባት ወራት ያህል እንደዚያ ነበረች። በየማታው ከጸሎት በፊት ቀኝ መዳፏን በግራ እጇ ይዛ ሆዷ ላይ እየጫነች ትለማመድ ነበር፤ ወደ ውስጥ መዞሩም እንዲጠበቅ ፊዚዮቴራፒስቱ ያዘዘው ይህንኑ ነበር። በ2014 ዓ.ም. ፋሲካ ላይ ግንባሯን፣ ሆዷን፣ ግራ ትከሻዋን፣ ከዚያም ቀኙን ሳታቋርጥ ነካች።

ያልተለወጡም አሉ። ቀዶ ሕክምናው ነርቭን አያድንም። ቀኝ ክንዷ ከግራው ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ክርኗም ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ዕድገቷ እስኪያበቃ ድረስ በየዓመቱ መታየት አለባት፤ አጥንት ሲረዝም ጡንቻው አብሮ ካልረዘመ ትከሻው ተመልሶ ሊጠብ ይችላልና። ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝም የመጀመሪያዋ ትከሻዋ ተይዞ እንደነበር በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ተናገርኩ፤ በድጋሚ የማጋጠም ዕድሉ ከሌሎች እናቶች ከፍ ስለሚል ስኳሬ በጥንቃቄ ተጠብቆ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ተመካክረን በቀዶ ሕክምና ወለድኩ። የመጀመሪያው ወሊድ ላይ «በደንብ ባለመግፋትሽ ነው» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ይህ እውነት አይደለም፤ የትከሻ መያዝ እናት በመግፋቷ ወይም ባለመግፋቷ የሚመጣ አይደለም፤ ይህን የተባላችሁ እናቶች ካላችሁ አትቀበሉት።

ልጄ ዛሬ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በመጪው ጥር ስምንት ዓመት ይሞላታል። መምህሯ ጥያቄ ስትጠይቅ ቀኝ እጇን ታወጣለች። በቀኟ ትበላለች፤ ሲደክማት ግራዋን ትጠቀማለች፤ እኛም ምንም አንላትም። ነጠላዋን ከጀርባዋ ማዞር ስለማትችል በግራ እጇ ወርውራ በትከሻዋ ላይ ታሳርፋለች። ባለፈው ቀጠሮ ክርኗ ከጎኗ ሆኖ ወደ ውጭ 40 ዲግሪ ዞሯል፤ ካቻምና 45 ነበር። ሐኪሙ አምስቱን ዲግሪ አይቶ ቀጠሮውን ከዓመት ወደ ስድስት ወር አሳጠረው፤ እኛም ከብብቷ ሥር የምናደርገውን ፎጣና የሽምብራውን ሳህን ከቁም ሳጥን አውጥተን እንደገና ጀምረናል።